የብስኩት ቆርቆሮዋ ሴትዮ

ሴሲል ታክ ሁለት ሚስት ነበረው እያለ ሬግ በመጠጥ ቤቱ ያወራል። ውሸት ነው። ሬግ ቢራ ከያዘ የማያወራው ነገር የለም፤ ሱቄ ድረስ መጥቶ ይህንኑ ሲደግም ዳቦውን አስይዤ አባርሬዋለሁ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የማውቀው እኔ ማጅ ነኝ። አውቀዋለሁ ማለቴ ግን ገብቶኛል ማለቴ አይደለም። ለሁሉም ነገር መልስ አላት የምባለው እኔ እንኳ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዞርብኛል።

ሴሲል ከመንደራችን ከቲድሎው ወጣ ብሎ ኮረብታው ሥር ያለው እርሻ ባለቤት ነው። ታኮች እዚያ መሬት ላይ ከመቼ ጀምሮ እንደኖሩ ራሳቸውም አያውቁትም። በግና ላም ያረባል፣ ገብስ ይዘራል። ቁጥብ ሰው ነው ማለት አይገልጸውም። አንድ ቃል ሲናገር ከኪሱ የሚከፍል ይመስለዋል። ሱቄ ሲገባ «ማጅ» ይላል፣ ሲወጣ «እንግዲህ» ይላል፤ በመሀል ያለውን የማወራው እኔ ነኝ።

ጉብታው ከእርሻው በላይ፣ በጎቹ የሚግጡበት ሜዳ አናት ላይ ነው። የድሮ ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት የነበሩት፣ ሙታናቸውን የቀበሩበት ነው። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ጉብታ ያልነበረበት ኮረብታ የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹን ግን ማረሻ በልቷቸዋል። ይህኛው የተረፈው በታኮች ልማድ ነው። ታክ የሆነ ሰው ጉብታውን አያርስም፣ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆቡን ያነሳል፣ እላዩ ላይ ደግሞ አይወጣም። እኛ የመንደሩ ልጆች በረዶ ሲጥል ከየቤታችን በሰረቅነው ትሪ ላይ ተቀምጠን ከአናቱ ስንንሸራተት፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረው ሴሲል ከታች ቆሞ ያየን ነበር።

«ለምንድን ነው የማትወጣው?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«አባቴ አልወጣም።»

«አባትህስ ለምን አልወጣም?»

«አባቱ አልወጣም።»

ከዚህ ያለፈ ምክንያት ያለው ታክ ገጥሞኝ አያውቅም።

አይቪን ያገባት ከስዊንደን አምጥቶ ነው። አባቷ የባቡር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እሷም የከተማ ልጅ ናት። ስትስቅ ከእርሻው ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሰማል። እንዲህ ያለች ልጅ ከዚያ ዝምተኛ ጋር ምን አገናኛት ብሎ ያልጠየቀ አልነበረም። አንድ ዳንስ ቤት ውስጥ ጫማዋን ረግጦባት ይቅርታ ለማለት ቃል ጠፍቶት ላብ በላብ ሲሆን አይታ ነው አሉ። ይህም የፍቅር ምክንያት ከሆነ እንግዲህ ምን ይባላል።

የመጀመሪያው የብርድ ወራት ለአይቪ ከባድ ነበር። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ መብራት የለም፣ ሽማግሌው ታክ፣ የሴሲል አባት፣ ሾርባዋም ሳቋም አይጥመውም። ሴሲል ከአባቱና ከሚስቱ መሀል ተቀምጦ ሳህኑን ያያል። አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አይቪ ቀይ ባርኔጣዋን አደረገች፣ ሻንጣዋን አንጠለጠለችና ኮረብታውን ወጣች። ከላይ ባለው መንገድ የወተት መኪና ያልፋል፤ እሱን አሳፍረኝ ብላ ወደ ስዊንደን ልትሄድ ነው። እስኪመጣም የምትቀመጥበት አጣችና ጉብታው አናት ላይ ተቀመጠች።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋት። መንደሩ በሙሉ አያት። «የታክ ሙሽራ ጉብታው ላይ ተቀምጣለች!» ተብሎ ወሬው ከቤት ቤት ሮጠ። የወተቱ መኪና መጣ፣ ቆመላት፣ ጥቂት ጠበቃትና ሄደ። እሷ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ሊመሻሽ ሲል ሻንጣዋን ይዛ ወረደችና እራት ሠራች። መኪናው መጥቶላት ለምን እንዳልተሳፈረች የነገረችው ሰው የለም፤ እኔም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ደጋግሜ ብጠይቃት በሳቅ አለፈችኝ።

እሷ ግን ሴሲልን መጠየቅ ትወድ ነበር። ሱቄ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክንዱን ጎሸም ታደርገውና፦

«ሴሲል፣ ያን ቀን አይተኸኝ ነበር?»

«የቱን ቀን?»

«የሻንጣዬን ቀን ነዋ።»

«የታችኛው ጋጣ ነበርኩ» ይላል ሴሲል፤ ጆሮው ቲማቲም ይመስላል።

«አያችሁ? ላም ብሆን ኖሮ ታየኝ ነበር!» ትልና ትስቃለች፤ እኛም አብረናት እንስቃለን። ይህን ጨዋታ ወጣት ሆና ጀምራው ፀጉሯ ከነጣ በኋላም አልተወችውም።

አይቪ ታማ በተኛች ጊዜ ሳትፈራ ስለ ሞቷ ታወራ ነበር። አቃጥሉኝ አለች። አመዴን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይሆን ጉብታው ላይ አድርጉልኝ አለች። ሴሲል አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ግራ ገባው።

«ለምን እዚያ?»

«እይታው ጥሩ ነው» አለችው።

ጉብታው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አካፋ ማሳረፍ ያስቀጣል። ስለዚህ የሄድነው ጭጋግ በሸፈነው ጠዋት ነው፤ ሴሲል አካፋውን ይዞ፣ እኔ ከአስከሬን ማቃጠያው የሰጡትን የፕላስቲክ ዕቃ ታቅፌ። አሥር እርምጃ ወደ ፊት አይታይም ነበር። ሴሲል ወደ አናቱ በመውጣት ፈንታ ከኋላ በኩል፣ ከሥሩ ተንበርክኮ ሣሩን ፈለጠ።

«ላዩ ላይ ነው ያለችው እኮ» አልኩት።

«ኋላውም ጉብታው ነው።»

«ሴሲል፣ ለዛሬ እንኳ ብትወጣስ?»

መቆፈሩን ቀጠለ። አመዱን ጉድጓዱ ውስጥ ሲያፈሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የላመ ዱቄት ነበር። ሣሩን መልሶ ረገጥ ረገጥ አደረገው፣ ቆቡን አነሳ፣ ወረድን። ደንታ ቢስ መስሎኝ ተናድጄበት ነበር፤ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግን እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማሁትና ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባጀሮች መጡ። ባጀር ፊቱ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ውሻ የሚያህል፣ መሬት ቆፍሮ ከነዘመዱ የሚኖር አውሬ ነው። ጉብታውን ከኋላ በኩል ወንፊት አደረጉት። ሰው እንዳይቆፍር ጉብታውን ሕግ ይጠብቀዋል፣ ሰው እንዳይነካቸው ባጀሮቹንም ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ስለዚህ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ሕግ የሚጠብቀው ሕግ የሚጠብቀውን ሲበላው አየን። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወጣው የትኛው ሊቅ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በዚያው ሰሞን የሴሲል ቤት የሳህን መደርደሪያ ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀመጠ። ክዳኑ ላይ የንግሥቲቱ ዘውድ ሥዕል አለበት። አንድ ቀን በስብና በስኳር የሚሠራውን የአገራችንን ኬክ ጋግሬ ወስጄለት፣ ኬኩን ላስቀምጥበት ብዬ ቆርቆሮውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

«አትንኪ!»

«ምን አለበት?»

«አለበት።»

ቸኮሌት ደብቆ ነው ብዬ ታዘብኩት። ሌላ ቀን በመስኮት ሳይ ደግሞ ጋዜጣውን ዘርግቶ የበግ ዋጋ ጮክ ብሎ ያነባል። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ሴሲል፣ ያ ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ አንብቦ ሲጨርስ ሃሳቡን ጨምሮ ያብራራል። አረጀ፣ ጭንቅላቱ ተናወጠ፣ አልኩ። አልፈርድበትም፤ ብቸኝነት ያደርገዋል።

ነገሩ የወጣው ዶክተር ፊሊፓ የምትባል የጥንት ቅርስ አጥኚ ከተማሪዎቿ ጋር መጥታ ሜዳው ላይ ድንኳን በተከለች ጊዜ ነው። ባጀሮቹን በፈቃድ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው፣ የተበላሸውን የጉብታውን ኋላ ቆፍረው ሊያጠኑት ነው። በዚያው ቀን ሴሲል ሱቄ መጣ። «ማጅ» አለ። ከሳሙናው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ሳሙና ያያል። ሰው እስኪወጣ እየጠበቀ መሆኑ ስለገባኝ በሩን ዘጋሁ።

«አይቪን ሊያወጧት ነው» አለኝ። «የቀረችውን።»

«የቀረችውን ማለት?»

«ግማሿ ቤት ናት።»

ተከትዬው ሄድኩ። ቆርቆሮውን አወረደና ከፈተው። ነጫጭ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ነገር የቀላቀለ፣ የተሰነጣጠቀ የአጥንት ስብርባሪ በንጹሕ መሀረብ ተጠቅልሏል። ባጀሮቹ ከጉድጓዳቸው የሚያወጡት አፈር ላይ ሲያየው ጊዜ ጠዋት ጠዋት እየሄደ እየለቀመ ያመጣው ነው። ለካ የበግ ዋጋ ያነብ የነበረው ለሷ ኖሯል፤ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«ሴሲል፣ አይቪ እኮ ዱቄት ነበረች። እኔው ይዤልህ።»

«በእርጥበቱ ረግታ ነው» አለኝ ሳያመነታ። «ማዳበሪያ ጆንያው ውስጥ ሲከርም እንዴት ነው የሚሆነው? ኖራስ?»

 እውነቱን ነው፤ ማዳበሪያ እርጥበት ላይ ከከረመ ድንጋይ ይሆናል፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ስኳር እንደዚያ ሆኖብኝ በመዶሻ ሰብሬ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አመንኩት። ሁለት ሽማግሌዎች ቆመን ቆርቆሮ ውስጥ እያየን እንባችንን ጠረግን።

«ሂድና ለዶክተሯ ንገራት» አልኩት። «ቢቀጡህ ይቅጡህ። አለዚያ የቀረችውን ሙዚየም አስገብተው ቁጥር ይለጥፉባታል።»

እሱ አልሄደም፤ እኔው ሄጄ ጠራኋት። ፊሊፓ የጭቃ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች፤ ለዚህ ወደድኳት። ሻይ ቀዳሁላት። ሴሲል ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠው።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «አይቪ።»

ፊሊፓ ከፈተች፣ አየች፣ ሻይዋን ቀስ ብላ ገፋ አደረገችው። አንዷን ስባሪ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። ፊቷ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ደግሞ ሴሲልን ስታይ ጠፋ።

«ሚስተር ታክ፣ ይህን ከየት አገኙት?»

«ከጉብታው። እኔው ነኝ የቀበርኳት። ቅጣቱን እከፍላለሁ።»

«ስለ ቅጣት አይደለም የምጠይቅዎት። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ነው የጨነቀኝ። የዛሬ ዘመን ማቃጠያ ከእሳቱ በኋላ አጥንቱን በመፍጫ ያደቅቀዋል። እንዲህ ያለ ቁራጭ አይቀርም። ይህ በእንጨት እሳት፣ ሜዳ ላይ የተቃጠለ ሰው ነው። ይህችን አረንጓዴ ነገር ያዩዋታል? የነሐስ ዝገት ነው፤ ምናልባት የእጅ አምባር ነበራት።»

«አይቪ ሰዓት ነበር የምታስረው።»

«ይህች ባለቤትዎ አይደለችም፣ ሚስተር ታክ።»

«ታዲያ ማን ናት?»

«ማንነቷን የሚያውቅ የለም። ከአጥንቷ ቅጥነት ትንሽ ሴት ትመስለኛለች፤ እሱንም እርግጠኛ መሆን አልችልም። አራት ሺህ ዓመት ገደማ ሊሆናት ይችላል።»

«አይቪ በሰባ ሁለት ዓመቷ ነው የሞተችው» አለ ሴሲል፤ ሂሳቡ የተሳሳተው በዚያ በኩል ይመስል።

 ሴሲል ቆርቆሮውን አየ፣ ሬዲዮውን አየ፣ ጋዜጣውን አየ። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

«ታዲያ የእኔዋ የት አለች?»

ፊሊፓ አልዋሸችውም። «ዱቄቱን ባጀሮቹ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለውታል። ለይተን ልናወጣት አንችልም። አሁን ጉብታው ውስጥ ናት፤ እዚህ ጋ ናት ብዬ ግን በጣቴ ላሳይዎት አልችልም። በየቦታው ናት።»

ቆርቆሮውን እንድትወስደው ፈቀደላት። አጥንቶቹ ተጠንተው ሲያበቁ፣ ጉብታው ሲዘጋ፣ ወደ ቦታቸው ተመልሰው እንዲቀበሩ የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ ነገረችው። በር ላይ ስትደርስ ሴሲል ጠራት።

«ልጄ፣ ከቆርቆሮው አታውጫት። ለምዳዋለች።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ግን መንደር መንደር ነው፣ በማግስቱ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ቅዳሜ ሴሲል መጠጥ ቤት ሲገባ ሬግ ብርጭቆውን አነሳ።

«ኧረ መጣ፣ መጣ! ሴሲል፣ ሴትዮዋን አልቀጠርካትም ዛሬ?»

«የትኛዋን?» አለ ሌላው።

«ትልቋን ነዋ! እኔ እንኳ ታላቄን አግብቼ የሁለት ዓመት ብልጫ ሲያሰድበኝ ኖረ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴሲል እንደ ሌላው ጊዜ ዝም ብሎ ቢራውን ቢጠጣ ኖሮ ቀልዱ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን ወደ ሬግ ዞሮ በእውነተኛ ግራ መጋባት፣ «አይቪ ሰምታኝ ይሆን?» አለው።  ሳቁ ቆመ። ሴሲል ቢራውን ሳይነካ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሱቅ መምጣት ተወ። ምግብ ይዤለት ስሄድ ትናንት የወሰድኩለት እንደነበረ አገኘዋለሁ። ሬዲዮው ጠፍቷል። የመደርደሪያው ባዶ ቦታ ላይ አቧራው የቆርቆሮውን ልክ ይዟል። አልቻልኩም፣ ተቆጣሁ።

«ምን ሆነሃል? አጥንት ነው የወሰዱብህ፤ እሱም ያንተ አይደለም! ለማታውቃት ሴት የበግ ዋጋ ማንበብህ ነው የሚያሳፍርህ? ደስ ብሏት ይሆናል፤ ማን ያውቃል።»

«የበግ ዋጋ አይደለም፣ ማጅ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጠበቅኩት። ከሴሲል ጋር ሲሆን መጠበቅ ያስፈልጋል።

«ነግሬያት ነበር» አለ። «በመጨረሻ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ቆርቆሮውን ፊቴ አድርጌ ደፍሬ ነገርኳት። በሕይወት እያለች የሸሸግኋትን። አሁን የነገርኩት ለሌላ ሰው ሆነ። አይቪ አልሰማችም።»

«ምንድን ነው የነገርካት?»

«አይቻት ነበር» አለ።

ወዲያው ገባኝ።

«የሻንጣውን ቀን። የታችኛው ጋጣ አልነበርኩም። ስትወጣ አይቻት ቡትሴን አድርጌ ተከተልኳት፤ ግን ከግቢው በር አላለፍኩም። አጥሩ ጀርባ ተደብቄ ቆምኩ። ያ ብርድ ላይ ቅጠሉ የማይረግፈው እሾሃማው አጥር፣ ከኔ ቁመት የሚበልጠው። በቀዳዳ አያታለሁ። ልውጣና ልለምናት እላለሁ። የቡትሴን ማሰሪያ ፈትቼ እቋጥራለሁ። ደግሞ እፈታለሁ። ጉብታው ላይ ናት፤ ታክ ጉብታው ላይ አይወጣም። ይህ ሰበብ ነው፣ ማጅ። ወጥቼ ብለምናትና በፊቴ አልመለስም ብትለኝስ ብዬ ነው። ሙሉውን ከሰዓት እዚያው ቆምኩ።»

«መኪናው ሲመጣስ?»

«ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አለች።»

በሕይወቴ ሴሲል ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት «ላም ብሆን ታየኝ ነበር» ስትል አብሬ የሳቅኩት ሳቅ አሳፈረኝ። 

«ሂድና ድገምላት» አልኩት።

«የት ሄጄ? በየቦታው ናት አለች እኮ ልጅቷ።»

«እንደዚያ ከሆነ የትም ብትቆም ትሰማሃለች። ተነስ! ቡትስህን አድርግ!»

እዚያው ቆሜ አስደረግሁት። ቀትር ላይ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ ሳንድዊቻቸውን ይዘው ድንኳናቸው ገብተዋል። ሴሲል ግቢውን አቋርጦ በሩን ከፍቶ ወጣ። ብቻውን መሄድ እንዳለበት አውቃለሁ፤ አውቄም ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ተፈጥሮዬ ነው። ኮቴዬን አጥፍቼ ተከተልኩትና ያ አጥር ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ተደበቅኩ። ለካ በቅጠሉ መሀል ዛሬም ቀዳዳ አለ፤ ዓይኔን አስጠጋሁ።

ሴሲል ሜዳውን እያዘገመ ወጣ። ጉብታው ሥር ሲደርስ ቆመ፤ ቆቡን አወለቀ። ብዙ ቆየ። ይመለሳል አልኩ፤ ልሳደብ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ እግሩን አነሳና ሣሩ ላይ አደረገ። ሁለተኛውንም። ሽቅብ ሲወጣ በእጁ ሣሩን እየያዘ ነበር። ሴሲል ታክ፣ የታኮች ልጅ፣ ጉብታው አናት ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ከታች እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቅሳለሁ።

መናገሩን በትከሻው አወቅሁ፤ ድምፁ አይደርሰኝም። መጀመሪያ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ለሁሉም አቅጣጫ ተናገረ፤ በየቦታው ስለሆነች። ሲጨርስ እንደደከመው ሰው ተቀመጠ፤ አይቪ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ እርሻው አዙሮ። ትንሽ ቆየና ድምፁ ኮረብታውን ይዞ ወረደ።

«ማጅ! እዚያ አጥር ጀርባ ምን ትሠሪያለሽ?»

ክው አልኩ። ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ጎንበስ አልኩ።

«ማጎንበስሽም ይታየኛል! ሽርጥሽ ላይ ዱቄት አለ!»

ሽርጤን አየሁ። ዱቄት አለበት። ቀና አልኩ። አጥሩ ከቁመቴ በላይ ነው፤ ቀዳዳዋም የጡጫ ያህል ናት። ከዚያ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን አጥሩ ምንም አይጋርድም፤ ከአናቱ በላይ ቁልቁል፣ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ያየኛል።

ሌላ ነገር አልጮኸም። እኔም ሮጬ ማለት አልችልም፣ በጉልበቴ እንደቻልኩ ሜዳውን ወጣሁ። ስደርስ ሴሲል ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የግቢውን በር እያየ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እይታው ጥሩ ነው፤ በሩ፣ አጥሩ፣ እኔ የቆምኩበት የተረገጠ ሣር ሳይቀር ፊት ለፊት ነው።

«አይታኛለች» አለ።

እኔም አጥሩን አየሁ።

«ማሰሪያውን ስፈታና ስቋጥር። መኪናው ሲመጣ ዓይኔን ስጨፍን።» ድምፁ ተቆረጠ። «እኔ እዚያ ቆሜ እያየችኝ ነው ያልተሳፈረችው፣ ማጅ። ታዲያ ካየችኝ ለምን ስትጠይቀኝ ኖረች?»

 የወተቱ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ከኋላችን ፀጥ ብሏል።

«ዕድሜዋን ሙሉ አይተኸኝ ነበር ወይ አለችኝ» አለ ሴሲል። «እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺስ አይተሽኝ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።»